20 + 98 = 118 ከሆነ 119ን ምን ከለከለው? ላልከው ልጅ

አቦ እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው የጠየቅከው። ላላያችሁት ልድገመው፣ ልጁ 12ኛ ክፍል ነው፣ ያለው ይሄን ነው፦ ካልሲየም 20 ፕሮቶን አለው፣ ካሊፎርኒየም 98፣ ሁለቱን አጋጭተው 118 ቁጥር ኤለመንትን (118 ፕሮቶን ያለውን) ከሰሩ 119ን ለመስራት ምን አስቸገራቸው፣ ደሞ ፊውዥን (የአቶም እምብርቶች ወይም ኒውክለሶች መዋሃድ) ኢነርጂ ይሰጣል እየተባለ ይሄኛው ለምን ይበላል።

እኔ እዚሁ ድሬ ኬሚስትሪ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው፣ ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ ባች የለም። መጀመሪያ አካባቢ "ፍጥነቱ አልበቃቸውም" ብዬ ነበር የምመልሰው፣ ልክ አልነበርኩም። ልክ እንዳልሆንኩ የገባኝ ደግሞ በማግኔት ነው።

እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ ከተበላሸ ስፒከር የወጡ ሁለት ክብ ማግኔቶች ገዛሁ። የልጆች ጫማ ላይ ያለውን ክርርር ብሎ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ ቆርጬ ዳር ዳራቸውን ዞርኩበት፣ ከዛ መስታወት ላይ የህፃን ፓውደር ነስነስ አድርጌ ሁለቱንም አንድ አይነት ፖላቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛኋቸው። አንዱን ቀስ ብለህ ስትገፋው ሌላኛው ጋ ሳይደርስ ጠመም ብሎ ይመለሳል። ጠንከር አርገህ ስትገፋው ይነካና ማጣበቂያው ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ባለ በሌለ ሃይልህ ስትለቀው ግን ይመታል፣ ለቅፅበት ይይዛል፣ ከዛ ሁለቱም ተሽከርክረው ይበታተናሉ። ከኋላ ዴስክ ያለች ልጅ "ቲቸር ያዘው እኮ፣ ግን አላቆየውም" አለች፣ እኔ በዛን ሰዓት የምፈልገውን መልስ እሷ ነች የነገረችኝ።

መገፋፋቱ የፕሮቶኖቹ ነው፣ ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ። ማጣበቂያው ደግሞ ጠንካራው የኒውክለር ሃይል ነው፣ ካልተነካኩ አይሰራም፣ ከነኩ ግን ከሁሉም ይበረታል። ለማነካካት ካልሲየሙን የብርሃንን ፍጥነት አንድ አስረኛ አካባቢ ያደርሱታል፣ በሰከንድ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ይሄን የሚያደርግ አክስለሬተር (ማፍጠኛ ማሽን) ካለ ቆይቷል፣ ስለዚህ ፍጥነት ጭንቅ አይደለም። ጭንቁ ከነኩ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ሳይዋሃዱ መልሰው ይለያያሉ፣ ከተዋሃዱትም ብዙዎቹ ከሙቀታቸው የተነሳ ለሁለት ይሰነጠቃሉ። የሚተርፈው ቶሎ የበረደለት ብቻ ነው፣ የሚበርድለት ደግሞ ኒውትሮን በመጣል ነው፣ እኛ በሰኔ ፀሐይ ላብ ስናወጣ እንደሚቀለን እሱም 3 ወይ 4 ኒውትሮን አውጥቶ ይረጋጋል።

የኢነርጂው ነገር ቶሎ ያልቃል። ፀሐይ ውስጥ ያለው ከብረት የቀለሉትን ነው የሚያዋህደው፣ እነሱ ሲዋሃዱ ይሰጣሉ፣ ከብረት ወዲያ ያሉትን ስታዋህድ ግን አንተ ትከፍላለህ። የተማርክበት መጽሐፍ አልተሳሳተም፣ ግማሹን ነው የነገረህ።

አሁን ካልሲየም ለምን ተመረጠ? ተራው ካልሲየም እንዳይመስልህ፣ ካልሲየም 48 ነው፣ 20 ፕሮቶን 28 ኒውትሮን። 20ም 28ም "ማጂክ" ከሚባሉት ቁጥሮች ናቸው፣ ኒውክለሱ ጥቅጥቅ ብሎ የተዘጋ ስለሆነ ሲዋሃድ ብዙ ሙቀት አያመጣም፣ በዛ ላይ ትርፍ ኒውትሮን ይዞ ይመጣል። ችግሩ ከተፈጥሮ ካልሲየም ውስጥ ከ1,000 አቶም 2 እንኳ አይሞላም፣ ውድ ነው። ከዛ በፊት ጀርመን ዳርምሽታት ላይ ሊድና ቢስሙዝን ታርጌት (የሚተኮስበት ኢላማ) አድርገው ከ1981 እስከ 1996 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ107 እስከ 112 ያሉትን ኤለመንቶች ሰሩ፣ ጃፓኖች በዛው መንገድ ዚንክን ቢስሙዝ ላይ እየተኮሱ 113ን አገኙ። ስንት አቶም? ከ2004 እስከ 2012 ሶስት። ሶስት ብቻ! መንገዱ እዛ ላይ አለቀ። ከ114 እስከ 118 ያሉትን ሩሲያ ዱብና ላይ የፊዚክስ ሊቁ የዩሪ ኦጋኔሲያን ቡድን ከአሜሪካኖች ጋር ሆኖ በካልሲየም 48 ነው የሰራቸው፣ 118 ኦጋኔሰን የተባለው በሱ ስም ነው።

አንድ አቶም እንዴት ይታወቃል ለምትሉ፣ አቶሙን አያዩትም፣ ሲፈርስ የሚተወውን ዱካ ነው የሚከተሉት። የጃፓኑ ሶስተኛው አቶም አልፋ እየጣለ ከ113 ወደ 111፣ 109፣ 107፣ 105፣ 103 ወርዶ 101 ላይ ደረሰ። አልፋ ሁለት ፕሮቶን ይዞ ስለሚወጣ ደረጃው ሁለት ሁለት ነው፣ የታችኛዎቹን ቀድመው ስለሚያውቋቸው ወደ ላይ ቆጥረው ከየት እንደመጣ ያረጋግጣሉ።

የ117ን ታሪክ ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ታርጌቱ 97 ቁጥር በርኬሊየም ነው፣ ከገበያ አይገዛም፣ ኦክ ሪጅ የሚባል የአሜሪካ ላብ ሪአክተር ውስጥ 250 ቀን አብስለው፣ 90 ቀን አጣርተው ያገኙት 22 ሚሊግራም ነበር። ግማሹ ደሞ በ330 ቀን አካባቢ ይፈርሳል። ይሄን ይዘው ወደ ሩሲያ ሲልኩት ጉምሩክ ወረቀቱ አልተሟላም ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰው፣ እቃው አትላንቲክን አምስት ጊዜ አቋረጠ፣ በየጉዞው እየፈረሰ እኮ ነው! ድሬ ልጅ ሆኖ ጉምሩክ ላይ እቃ ሲቆም ያላየ የለም፣ ግን እየቀነሰ የሚሄድ እቃ ሲቆም አስበው። በስተመጨረሻ ደረሰና 150 ቀን ተተኩሶበት 6 አቶም ተገኘ፣ 2010 ላይ ይፋ ሆነ።

እና 119፦ በካልሲየም ለመስራት 99 ቁጥር አይንስታይኒየም ያስፈልግሃል፣ እሱ ደግሞ ለታርጌት በሚበቃ መጠን አይገኝም። ስለዚህ ታርጌቱን ማሳደግ ስላልተቻለ የሚተኮሰውን ማሳደግ ግድ ሆነ፣ ጃፓኖች 23 ቁጥር ቫናዲየምን 96 ቁጥር ኩሪየም ላይ ይተኩሳሉ። ግን ቫናዲየም እንደ ካልሲየም 48 በሁለቱም ማጂክ አይደለም፣ ፕሮቶን ሲጨምር መገፋፋቱም ይጨምራል፣ የመትረፉ እድል ይወርዳል። በ2024 አሜሪካ በርክሌይ ላብ ላይ 22 ቁጥር ቲታኒየምን 94 ቁጥር ፕሉቶኒየም ላይ ተኩሰው 116ን ሰርተዋል፣ በ22 ቀን 2 አቶም። 116 አዲስ አይደለም፣ ግን ከካልሲየም ውጪም እንደሚሰራ አሳየ፣ ለኔ ትልቁ ዜና እሱ ነው፣ ቀጥሎ ቲታኒየምን ካሊፎርኒየም ላይ ተኩሰው 120ን ለመሞከር አስበዋል።

ሌላው የሚጎድለው ኒውትሮን ነው። ካልሲየም 48 ሲደመር ካሊፎርኒየም 249፣ 297 ነው፣ 3 ኒውትሮን ሲወጣ 294፣ ከዛ ላይ 118 ስትቀንስ 176 ኒውትሮን ይቀራል። ረጅም እድሜ ይኖረዋል ተብሎ የሚጠበቀው 184 አካባቢ ያለው ነው፣ 8 ጎደለው፣ ለዚህ ነው 118 አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ ሳይሞላው የሚፈርሰው።

አሁን አንተ ቫናዲየም 51ን ከኩሪየም 248 ጋር ደምረህ፣ 3 ኒውትሮን አውጥተህ፣ 119ን ቀንስና ስንት ኒውትሮን እንደሚቀር ከስር ጻፍልኝ። ማግኔቱን ማየት የሚፈልግ ካለ ደሞ ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ሰፈር እንገናኝ፣ ይዤው እመጣለሁ።