«ያን ጊዜ» የምትለዋን አትቁረጧት

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቢሮዬ ውስጥ፣ ኤዲቲንግ የማስተምራቸው ሁለት ልጆች ስለ እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ኤሚ ዋይንሃውስ የተሠራውን ዶክመንተሪ በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። አሲፍ ካፓዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራው፣ በዓመቱ ኦስካር የወሰደው «ኤሚ» ነው። እኔ ድሮ አይቼዋለሁ፤ ቢሆንም ቡና አስመጥተን አብረን አየነው። ሲያልቅ አንደኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ አባትየው ነው የገደላት።»

ይህን የምጽፈው በዚች አባባል የተነሳ ነው። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላችሁ የሰው ሕይወት ለምትቆርጡና ለምትቀጥሉ ልጆች ሁሉ ነው።

ፊልሙ ጎበዝ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። ካፓዲያ ወደ መቶ ሰው አናግሮ አንዳቸውንም ወንበር ላይ አስቀምጦ አያሳየንም። ድምፃቸው ብቻ ከኋላ ይመጣል፣ ዓይናችን ከእሷ አይነሳም። መክፈቻው ላይ ልጃገረዶች የጓደኛቸውን ልደት ያከብራሉ፣ የ14 ዓመቷ ኤሚ መልካም ልደት ስትል ድምጿ የትልቅ ሴት ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ የጓደኛ እጅ ነዋ። ወደ መጨረሻው ግን ምስሉ የፓፓራዚ (ዝነኞችን እያሳደዱ የሚቀርጹ ሰዎች) ነው፣ ፍላሽ በፍላሽ ላይ፣ ዓይን የሚያጠፋ። አሳደዷት እያለ የሚያሳየን በአሳዳጆቿ ካሜራ ነው። ይሄ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አቁማችሁ እዩልኝ። ማርች 2011፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ፣ ከአሜሪካዊው የጃዝ ድምፃዊ ከቶኒ ቤኔት ጋር። እሱ 84 ዓመቱ ነው። እሷ ፈርታለች፣ ትጀምርና ታቋርጣለች፣ በራሷ ትናደዳለች፣ ሽማግሌው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ እያለ ያረጋጋታል። ከዚያ ድምጿ ይወጣል። ሰክራ ስትንገዳገድ ካየሁት ሁሉ ይልቅ አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ሥራ ላይ ናት። ስለ ድምፃዊ ስትሠሩ ሲሠራ አሳዩት እባካችሁ። መውደቁን ማንም በስልኩ ይቀርጸዋል።

ወደ አባትየው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የያኔው ማኔጀሯ ማገገሚያ ትግባ ሲል አባትየው አያስፈልጋትም አለ፤ ነገሩ በኋላ ዘፈን ሆኖ ዓለም ጨፈረበት። ፊልሙ ላይ ይህንኑ ሲናገር ይሰማል። ፊልሙ ሲወጣ ግን ሰውየው ጮኸ። እኔ ያልኩት ያን ጊዜ አያስፈልጋትም ነበር ነው፣ «ያን ጊዜ» የምትለዋን ቆርጠው አወጡብኝ አለ። ማን ልክ እንደሆነ የሚያውቀው ጥሬው ቅጂ ነው። ጠበቃ ልቆምለት አይደለም። ልጁ ሴንት ሉሲያ ደሴት ሄዳ ልትደበቅ ስትል የቲቪ ካሜራ አስከትሎ የመጣባት እሱ ነው፣ እሱን ሳይ እኔም ደሜ ፈልቷል። ግን ያቺ ቃል ኮምፒውተራችን ላይ ምስልና ድምፅ የምንደረድርበት ታይምላይን ላይ ጥፍር አታህልም። ቃሏ ስትወጣ አንድ የተሳሳተ አባት ገዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የገደላት የተመዘገበ ነው፣ አልኮል ነው። በዚያው በ2011፣ ጁን 18 ሰርቢያ፣ ቤልግሬድ ላይ መዝፈን አቅቷት ሕዝብ ጮኸባት፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ጁላይ 23 ለንደን፣ ካምደን ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በ100 ሚሊ ሊትር ደሟ ውስጥ 416 ሚሊ ግራም አልኮል ነበር። 27 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ የጀመረ በልቶ የማስመለስ ሕመምም እዚያው ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ባልየው አለ፣ እኛም የመውደቋን ወሬ ገዝተን የሳቅነው አለን። አንድ ሰው ላይ መለጠፍ ለኤዲተር ይቀላል፣ ታሪክ ቶሎ ያልቅለታል።

እኔ ከየት አወቅኩት? የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ፒያሳ ስሠራ፣ ለሞተ ድምፃዊ የመታሰቢያ ቪዲዮ ቆረጥኩ። ስሙን አልጠራም። ሲዘፍን ሰው የሚያስለቅስ፣ መጠጥ የበላው ልጅ ነበር። ወንድሙን ቀረፅነው። «ገንዘብ ሲለምነኝ ከለከልኩት» አለ። ዝም አለ። አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ «ብሰጠው ይጠጣበታላ። ራቱ ግን ሁሌ ተከድኖ ይቆየው ነበር» አለ። ዝምታዋ ረዘመችብኝ። «ከለከልኩት» ላይ ቆረጥኩና ክራር አስገባሁበት። ሰው ተላቀሰ፣ አለቃዬም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከወራት በኋላ ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ (ቤቱ ዛሬ የለም፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል) ወንድምየው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በትህትና ሰላም አለኝ። እናቱ ቪዲዮውን ካየች ወዲህ እንደማታናግረው ነገረኝ። «ቀሪውን ብትሰጠኝ፣ እሷን ላሳያት ነበር» አለ።

ካሴቱ ላይ ሰርግ ቀርጸንበት ነበር። ያኔ ካሴት ውድ ነው፣ ደጋግመን ነው የምንጠቀመው። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ የሁለታችንንም ሒሳብ ከፍሎ ወጣ።