የአባ እንጦንስ ቀስት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ከሳይት ደውሎ «ጋሼ፣ ሦስት ወር ሙሉ እሑድ እንኳ አላረፍኩም» አለኝ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው፤ ግን ኮራ ብሏል። ያንን ኩራት አውቀዋለሁ፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። «አይዞህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያላልኩትን እዚህ ልጻፍለት፤ የእሱ እኩዮችም አንብቡት።

አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ከወንድሞች መነኮሳት ጋር ተቀምጦ ሲጫወት አንድ አዳኝ አየውና ቅር አለው። መነኩሴ እንዴት እንዲህ ይዝናናል? ሽማግሌው አልተቆጣም። «ፍላጻ አግባና ወርውር» አለው። ወረወረ። «ድገም።» ደገመ። «አሁንም።» ይሄኔ አዳኙ «እንዲህ ከለጠጥኩትማ ቀስቴ ይሰበራል» አለ። እንጦንስም፣ የእግዚአብሔር ሥራም እንደዚሁ ነው፤ ወንድሞችን ከልክ በላይ ከወጠርናቸው ቶሎ ይሰበራሉ ብሎ መለሰለት።

ብዙ ሰው ይህን ቃል የሚጠቅሰው ለራሱ ዕረፍት ሲፈልግ ነው። እስቲ ልብ በሉት፦ ሽማግሌው «እሰበራለሁ» አላለም። «ወንድሞች» ነው ያለው። በራሱ ላይማ ጨካኝ ነበር። ገድሉን የጻፈው አትናቴዎስ (አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ለእኛ የላከልን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ነው) እንደሚለው፣ የሚበላው ፀሐይ ከገባች በኋላ እንጀራና ጨው ነው፤ እሱንም አንዳንዴ በሁለት ቀን፣ አንዳንዴ በአራት ቀን። ቀስቱ እንግዲህ ሌላው ሰው ነው፤ በእጃችን የተሰጠን ሰው።

እንጦንስ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ያወረሱትን 300 አሩራ ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጥቶ ወጣ። 80 ሄክታር ያህል ነው፤ በድሮው ስፍር ሁለት ጋሻ ግድም። እኔ ግን ከመሬቱ ይልቅ የሚገርመኝ አዳኙ ፊት መጫወቱ ነው። መሬት ለቀው «ትጉህ» መባልን መልቀቅ ያቃታቸው ስንት አሉ! አንዱ እኔ ነበርኩ።

አንድ ሕንፃ ስንሠራ የሦስተኛው ፎቅ የኮንክሪት ሙሌት ለቅዳሜ ተቆርጦ ነበር። ፌራዮዎቹን፣ ብረት አሳሪዎቹን፣ አምስት ሌሊት በተከታታይ አስመሽቻለሁ። አማካሪው አልጠየቀኝም፣ አሠሪውም አልጠየቀኝም፤ «የእኔ ሕንፃ» ስለምለው ብቻ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በፓውዛው ብርሃን ስዞር አንድ ልጅ የኮለን (የምሰሶ) ብረት ተደግፎ፣ ፒንሳው በእጁ እንዳለ፣ ቆሞ ተኝቷል። ጮኼ ቀሰቀስኩት። ሽማግሌው ፎርማን ምንም አላለኝም። ፒንሳውን ከልጁ እጅ ወሰደ፣ ኮቱን አውልቆ አለበሰው፣ ቁጢጥ አለና ሽቦ ማሰር ጀመረ። እኔ እቴ! «ዲሲፕሊን ታበላሻለህ» ብዬ እሱንም ተቆጣሁት።

ጠዋት አማካሪው ሜትሩን ይዞ መጣ። በየ15 ሳንቲሜትሩ መታሰር የነበረበት የቢም ስታፋ፣ የአግዳሚውን ብረቶች የሚያቅፈው ቀለበት፣ በየ20 ታስሯል። ሁሉም ተፈታ፤ ሙሌቱ ወደ ማክሰኞ ሄደ።

አዳኙ የፈራው ስብራትን ነው። እኛ የብረት ሰዎች ግን ከስብራት በፊት የሚመጣውን እናውቃለን። ፌሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲጎተት እስከ አንድ ልክ ድረስ ብትለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ልኩን ካለፈ ወዲያው አይበጠስም፤ ይረዝማል፤ ብትለቁትም አይመለስም። ያ ልጅ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ሰላምታዬን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመልሰው።

«የእኔንስ ድካም ምን ላድርገው?» ለምትሉ፣ እንጦንስ ራሱ በምድረ በዳ ተስፋ የቆረጠበት ቀን ነበር። ያኔ አንድ ሰው ታየው፤ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ እንደገና ተቀምጦ ይገምዳል። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። እኔን የሚይዘኝ ገመዱ ነው። ሰውየው የተነሣው ገመዱ ሳያልቅ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እስኪያልቅ ስጠብቅ ነበር፤ አንዱ ርክክብ ሲያልቅ ሌላው ፎንዳሽን ይቆፈራል።

አምና በዚያ ሕንፃ በኩል ሳልፍ ገባ ብዬ ልየው አልኩ። ሦስተኛው ፎቅ የሙሽራ ልብስ ማከራያ ሆኗል። የጥበቃው ልጅ በሩ ላይ አስቆመኝና «ማንን ፈልገው ነው፣ አባት?» አለኝ። የምጠራው ስም አጣሁ።

አንተ የደወልክልኝ ልጅ፣ በስልክ ያልጠየቅኩህን አሁን ልጠይቅህ፦ ሦስት ወር አላረፍኩም ብለኸኛል፤ ፌራዮዎችህስ?