የኪስ ሰንጢ፦ ለእጅም ለኪስም የሚመች የቱ ነው?

ስለ ኪስ ሰንጢ የምትጠይቁኝን ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ስለ ብረቱ ናቸው። የእኔ መልስ ግን ቶሎ ቶሎ ወደ እጀታው ይመለሳል። ሰንጢ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ስላልቆረጠ አይደለም፤ እጅ ስለሚቆረቁር ወይም ኪስ ስለሚከብድ ነው። "ለጸብ የሚሆን አለ?" ላላችሁኝ መልስ የለኝም። እዚህ የምናወራው ካርቶን ስለመክፈትና ብርቱካን ስለመላጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰንጢ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። ከምን ልጀምር?

ከክብደቱ ጀምር። ለዕለት ተዕለት ሥራ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስለት ይበቃል። ክብደቱ ከ100 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። የአሜሪካኑ ባክ 110 ስሙ የገነነ ሰንጢ ነው፤ ግን ከ200 ግራም በላይ ይመዝናል። የተሠራው ቀበቶ ላይ በሰገባ እንዲንጠለጠል ነው። ሱሪ ኪስ ውስጥ ከከተትከው ሱሪህን ይዞ ይወርዳል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ደግሞ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክብደቱ ወደ 50 ግራም አካባቢ ነው። እጀታው እንጨት ስለሆነ ነው እንዲህ የቀለለው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ይዤው ይመቸኛል፣ ቤት ስሠራበት ያመኛል። እንዴት ልለየው?

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ይመቻል፤ ጨብጠኸው ነው እንጂ አልሠራህበትማ! ባለሱቁን አንድ ካርቶን ለምነው። ወፍራሙን ዓይነት። ረጃጅም አድርገህ ቁረጥና መዳፍህን ግለጠው። ቀይ ምልክት ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ እጀታውን አገላብጠህ እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሰንጢውን ኪስ ጠርዝ ላይ የሚይዘው የክሊፑ ጫፍ፣ ጠርዙ ያልተሞረደ የውስጥ ብረት፣ ወይም አመልካች ጣት የሚያርፍበት ሹል ማዕዘን።

ለጣት ተብለው የተቦረቦሩ እጀታዎች ያምራሉ፤ ግን የተቦረቦሩት ለሌላ ሰው ጣት ነው። ያንተ ጣት ጉብታው ላይ ካረፈ አለቀለት። እኔ ቀጥ ያለ፣ መሀሉ ትንሽ ሞላ ያለ እጀታ እመርጣለሁ። አያያዝ ስትለውጥ አይከለክልህም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቀጭን እጀታ ለኪስ ይመቻል፣ ለእጅ ይቆረቁራል። ወፍራሙ ተቃራኒ ነው። ሁለቱን አሟልቶ የሚሰጥ አላየሁም። በቀን ሁለት ጊዜ ፖስታ የምትከፍት ከሆነ ኪስህን አስቀድም። መጋዘን የምትሠራ ከሆነ እጅህን።

ጥያቄ፦ ክሊፕ ያለው ይሻላል?

ክሊፕና አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አብረው የታወቁት ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1981 ባወጣው ሰንጢ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰንጢው ኪስ ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይጋጭም። ጉዳቱ ደግሞ የሚኒባስ ወንበር መጫር ነው። መዳፍም ይቆረቁራል። ከሁሉ በላይ ግን ከኪስ ውጭ ይታያል፤ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ማሳቀቅ ምን ያደርጋል? ክሊፑ በብሎን የተያዘ ከሆነ ፍታውና ሞክረው።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ።

ከውስጥ በምትወጣ ቀጭን ብረት የሚቆለፈው፣ ላይነር ሎክ የሚባለው፣ በአብዛኛው ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራ ነው። የእጀታውን ጀርባ ተጭነህ የምትዘጋውን ወይም እንደ ኦፒኔል አንገቱ ላይ በምትዞር ቀለበት የሚቆለፈውን ውሰድ። ሁለቱም እጅ አይመርጡም።

ጥያቄ፦ ሸንኮራ ስልጥ ሰንጢው ጣቴ ላይ ታጠፈብኝ። ርካሽ ስለሆነ ነው?

እግዜር ይማርህ። ርካሽ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በስፕሪንግ ጉልበት ብቻ ነው። ወደ ፊት ስትቆርጥ ችግር የለም። ሸንኮራ ላይ ግን ስለቱ አንጓው ጋ ይነክሳል። ያኔ ለማላቀቅ ወደ ላይ ትስበዋለህ ወይም ትጠመዝዘዋለህ። ጉልበቱ በስለቱ ጀርባ በኩል ይመጣና ስፕሪንጉን ያሸንፈዋል፤ ጣትህ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው።

ለሸንኮራ የሚቆለፍ ሰንጢ ወይም ደህና የወጥ ቤት ቢላ ያዝ። ኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ አንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት አለው። ከፍተህ ቀለበቷን ካዞርክ አይታጠፍም። ቀላል ነገር ናት፤ ግን መቆለፉን በዓይንህ ስለምታይ እወዳታለሁ። የትኛውንም የሚቆለፍ ሰንጢ ስትገዛ ክፈተው፣ ጣቶችህን ከመታጠፊያው መንገድ አውጣ፣ የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርግ። መቆለፊያው ለቅቆ ከታጠፈ ለባለሱቁ መልስለት።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። እዚህም የሚቆለፍ ልያዝ?

አይሆንም! አሁን ያልኩት እዚያ ይገለበጣል። በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዘኸው መውጣት የምትችለው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠውን ነው። የሚቆለፍ ሰንጢ እንደማይታጠፍ ቢላ ይቆጠራል። ጀርመን ደግሞ ባንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ከሆነ ያለ ምክንያት መያዝ አይፈቀድም፤ ከ2024 ወዲህም ሕጉ በሕዝባዊ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ጠብቋል። እስራኤል ላላችሁ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ነው ከክልከላው ውጪ የሆነው። አሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ፣ አንዳንዴም በየከተማው ይለያያል። ሕግ ይቀየራል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በየበሩ ፍተሻ ነው። ምን ይሻላል?

ባንክ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ስብሰባ የምትሄድ ቀን ቤት ተወው። "ለብርቱካን ነው" ብለህ ከጥበቃ ጋር አትከራከር፤ ሥራውን ነው የሚሠራው። በአውሮፕላን ስትሄድ በእጅ ሻንጣ አይገባም። ጠቅልለህ ወደሚጫነው ሻንጣ ክተት። ኪስ ውስጥ ረስቶ መሄድ ልማድ ነውና ማታውኑ ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ዲ2 ብረት ይሻላል ወይስ ስቴንለስ?

ፍራፍሬ ለምትቆርጥ ስቴንለስ፣ ማለትም በቀላሉ የማይዝገው። ዲ2 የሚባለው ጠንካራ የመሣሪያ ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ግን ሙሉ ስቴንለስ አይደለም፣ ካልተጠረገ ነጠብጣብ ያወጣል። ሲደንዝም ለመሳል ትዕግሥት ይጠይቃል። ተራው ካርቦን ብረት ደግሞ ሎሚ ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ብረት ለስለስ ያለ ነው፤ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ቶሎም ይሳላል። ድንጋይ ከሌለህ ሲኒ ገልብጥ። ከሥሩ ያለው፣ ቅቡ ያልነካው ሻካራ ቀለበት ለመሳል ይሆናል። ስለቱን በ20 ዲግሪ ገደማ አጋድመህ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን፣ ሳትጫን ሳበው። በሞተር ለሚስሉት ግን ትንሽ ስለት አትስጥ። ቀጭን ብረት ቶሎ ይግላል፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል።

ጥያቄ፦ ለቁርጥ ሥጋስ?

ቤቱ የሚሰጥህን ቢላ ተጠቀም። ስብ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ በስንጥር መጎርጎር ነው የሚተርፍህ። ሽታውም አይለቅም።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው ትንሽ ነገር እፈልጋለሁ።

የቪክቶሪኖክስ ትንሿ ክላሲክ 58 ሚሊ ሜትር ናት፣ ወደ 21 ግራም ትመዝናለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከስለቷ ይልቅ መቀሷን ነው የምትወጃት። በሁለት ጣት ነው የምትያዘው፤ ከባድ ነገር አትጠይቂያት። ገበያ ላይ ፎርጅዱ ብዙ ነው። እያንዳንዱን ክፍት ዝግት አድርጊው፤ ጠቅ ብሎ ካልቆመ ወይም በብረቶቹ መሀል ክፍተት ለዓይን ከታየ ተዪው።

ጥያቄ፦ ኦፒኔሌ ዝናብ ነክቶት አልከፈት አለ።

እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው፤ ደህና ነው። ጥላ ላይ አድርቀው። ቸኩለህ ከሆነ ቀለበቷን ፍታና የእጀታውን ቂጥ ጠንካራ ነገር ላይ መታ አድርገው፤ ስለቱ ብቅ ይላል፣ በጣትህ ቆንጥጠህ ታወጣዋለህ። ከደረቀ በኋላ መታጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ አድርግ።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ስጦታ ነው። ጣቶቻቸውን ሪህ ይዟቸዋል።

በጥፍር የሚከፈተውን እለፈው፤ ጥፍር ይሰብራል። ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ወይም ስለቱ በሁለት ጣት የሚቆነጠጠውን ፈልግ። አዲስ ሰንጢ ደግሞ ግትር ነው። ከመስጠትህ በፊት ዘይት ጠብ አድርገህ ቴሌቪዥን እያየህ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አድርገው። በቀላሉ መሄድ ሲጀምር ዘይቱን ጠርገህ ስጣቸው።