ከ10ኛ ክፍል በኋላ፦ ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ስላጠናቀቀች በመስከረም ስትመዘገብ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ ይኖርባታል። እሷ ሕግ ማጥናት ትፈልጋለች፤ አባቷ ግን «ናቹራል ከገባች ሁሉም በር ክፍት ነው» እያለ ኢንጂነሪንግ እንድታስብ ይገፋፋታል። በሒሳብ 81፣ በእንግሊዝኛ 84፣ በታሪክ 88 አምጥታለች፤ ፊዚክስ ግን 58 ነው። የፊዚክስ መምህሯ በዓመቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮባታል። ምን ይበጃል ትላላችሁ?

እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ ይህን የሚሉት ለልጃቸው አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም «ሁሉም በር ክፍት ነው» የሚለው አባባል ካለው አሠራር ጋር አይገጥምም። ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግና መሰል የትምህርት ክፍሎች የሚገኙት በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነው፤ ከእናንተ ብዙ የማይርቀው፣ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚቀበለው የዚሁ መስክ ተማሪዎችን ሲሆን የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሕግ፣ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ደግሞ በተለመደው ምደባ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚገቡባቸው ናቸው። ስለዚህ ልጅዎ ሕግን ከልቧ የምትፈልግ ከሆነ፣ ናቹራል መግባት የምትመኘውን በር ያጠብባታል እንጂ አያሰፋላትም።

ብዙ ቤተሰብ ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ (አጠቃላይ የማገናዘብ ችሎታን የሚለካው ፈተና) ለሁለቱም መስክ ይሰጣሉ፤ ምርጫው የሚለውጠው ቀሪዎቹን ሦስት ትምህርቶች ነው፤ በአንድ ወገን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በሌላው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። የሒሳቡ ፈተና ለየመስኩ ተለይቶ ቢዘጋጅም ከሒሳብ የሸሸ ተማሪ ሶሻል ገብቶም ሒሳብን ያገኘዋል። ሶሻል ቀላል ነው የሚለውም ወሬ ተማሪዎችን ጎድቷል፤ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ በሆነበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ወደ 7 በመቶ የሚጠጉት ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንስ ግን 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ይህ የሆነው ታሪክና ጂኦግራፊ ከፊዚክስ ስለሚከብዱ አይመስለኝም፤ በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ብዙዎች ወደዚያ የሚሄዱት ወደውት ሳይሆን ሌላው አልሆነልኝም ብለው መሆኑ ነው። የልጅዎ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው፤ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ጠንካራ የሆነች፣ ታሪክንም የምትወድ ተማሪ በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ጥሩ ተወዳዳሪ ትሆናለች።

የፊዚክሱ 58 ግን ብቻውን ምንም አይወስንም፤ መምህር በተቀያየረበት ዓመት የመጣ ውጤት የልጅቱን አቅም አያሳይምና። በክረምቱ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሳ የቬክተርን ምዕራፍ ታንብብ፤ የተሠሩትን ምሳሌዎች መልሱን ሸፍና ራሷ ትሥራቸው፤ ሲያቅታት የት ላይ እንደቆመች በደብተሯ ጠርዝ ታስፍር። ቀመሩን አውቃ ስሌት ብቻ የሚያሳስታት ከሆነ ችግሩ በልምምድ ይስተካከላል። ጥያቄው ምን እንደሚጠይቅ ደጋግማ አንብባም ካልገባት፣ ወይም እየገባት መጽሐፉን መክፈት ከሰለቻት፣ ለሁለት ዓመት በየቀኑ አብራው ልትኖር እንደማትችል አባቷም ቁጭ ብለው ይዩላት። የኢኮኖሚክስ መጽሐፉንም በዚያው ሰሞን ትሞክረው፤ ሕግ እፈልጋለሁ ማለት ብቻውን ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን መውደድን አያረጋግጥም።

ሙከራው አባቷን ካሳመናቸው፣ እኔ በበኩሌ ማኅበራዊ ሳይንስን እመርጥላታለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ትምህርት ቤቷን ጠይቁ፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በ11ኛ ክፍል የሚከፍቱት ናቹራልን ብቻ ነው። እናንተ አካባቢ ይህ ከሆነ ወደ አቃቂ ወይም ወደ ቃሊቲ መመላለስ ሊመጣ ስለሚችል፣ የታክሲ ወጪውንና ጠዋት የምትነሣበትን ሰዓት አስልታችሁ፣ የ10ኛ ክፍል ውጤቷንና መሸኛዋን በነሐሴ ውስጥ አውጡላት።