ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚደክም የጋዝ ማጠቢያ

ከአዘዞ የጻፉልን ጠያቂ ከእበት የሚያወጡትን ጋዝ ለሰው ሠራሽ ነዳጅ ሙከራ ለማዘጋጀት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በውሃ የሚያጥብ የ2 ሜትር ቱቦ ሠርተዋል። ማጠቢያው ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የጋዙን 40 በመቶ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደገባ ይወጣል። ውሃው ከ200 ሊትር በርሜል ተነሥቶ ወደዚያው ይመለሳል፤ ጋዙ በደቂቃ 6 ሊትር ይገባል፤ ቀደም ሲል የነካው ሰው ሽታውን ለማጥፋት ሲል ክዳኑን በሲሊኮን አሽጎታል።

ፓምፑንም ቱቦውንም አይፍቱ፤ ጥርጣሬዬ ውሃው ጠግቧል የሚል ነው።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፍቱ የሚሆነውን ያስቡ። ጋዙ ውሃው ውስጥ የሚቆየው በላዩ ያለው ጋዝ ስለሚጫነው ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ይወጣል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ደግሞ ገንፍሎ እጅ ያረጥባል። በ20 ዲግሪ 1 ሊትር ውሃ ከንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.9 ሊትር ገደማ ያሟሟል፤ ከእርስዎ ጋዝ ግን ድርሻው 40 በመቶ በመሆኑ 0.35 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በርሜሉ 70 ሊትር ይዞ ይጠግባል፣ በደቂቃ 2.4 ሊትር (የ6 ሊትሩ 40 በመቶ) ሲገባበትም ይህ 29 ደቂቃ ነው። የታሸገው ክዳን መውጫውን ዘግቶበታል። እንዲህ ዓይነቱ ጥገና ሽታን ደብቆ ሥራን የሚያበላሽ ስለሆነ ያናድደኛል።

ሲሊኮኑን ይቁረጡ፤ ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ ደጅ ጥላ ሥር ወደተቀመጠ ክፍት በርሜል፣ በተበሳ ቆርቆሮና በጠጠር ላይ እያንጠባጠቡ ይመልሱት። ርካሹ ጠላቂ ፓምፕ ሲግል ውሃውንም ስለሚያሞቅ፣ ከውሃው ውጭ የሚቀመጥ ቢገዙ ይሻላል። አንገትዎን ግን በርሜሉ ውስጥ አያስገቡ፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝም አለበት፣ እሱም አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። እሳትም አያቅርቡ።

ለመለካት በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር የኮስቲክ ሶዳ ውሃ፣ ቀጥሎ 50 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይሳቡ፤ አፉን ደፍነው ይናጡት። መግፊያው ወደ ውስጥ የተሳበበት መጠን የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድርሻ ያሳያል፤ 20 ቢቀንስ 40 በመቶ ነው። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ቅናሹ አሁንም ወደ 20 ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ ውሃውንና ጋዙን የሚያገናኘውን ሙሌት እንመርምር፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ በርሜሉን ቤት ውስጥ አያስገቡ።