0.03 ያለህ ዲግሪ ነው፣ 3857ን ግን ለርቀት ተወው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ለዴሊቨሪ አፕህ ከሱቁ እስከ ደንበኛው ያለውን ርቀት ፖስትጂአይኤስን (የቦታ መረጃ የሚይዘውን ዳታቤዝ) ስትጠይቀው 0.03 አለህ፣ ከዛ ወደ 3857 (የዌብ ካርታዎች ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክብ መሬትን ጠፍጣፋ ላይ የማውጫ ዘዴ) ስትቀይረው በሜትር መጣልህና "ትክክለኛው ፕሮጀክሽን ይሄ ነው ወይስ ሌላ ልፈልግ" ነው ያልከው። እኔ ከዚ ነገር ጋር አመታት ስለታገልኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

0.03 ስህተት አይደለም፣ ዲግሪ ነው። ዳታህ 4326 (በዲግሪ የሚሰጥ ላቲትዩድና ሎንጊትዩድ፣ ጂፒኤስ የሚሰጥህ) ላይ ጂኦሜትሪ በሚባለው ታይፕ ስለተቀመጠ ዳታቤዙ መሬትን እንደ ጠፍጣፋ ወረቀት ቆጥሮ ነው የሚያሰላው። አዲስ አበባ ላይ 1 ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 0.03 ማለት 3.3 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚሁ ዳታ "500 ሜትር ውስጥ ያሉትን ሱቆች አምጣ" ብትለው ደግሞ 500 ዲግሪ ብሎ ስለሚረዳ ያለህን ሱቅ በሙሉ ይዘረግፍልሃል።

3857 ካርታ ስክሪን ላይ ለመሳል የተሰራ ነው፣ ከምድር ወገብ በራቅክ ቁጥር ርቀቱን እየለጠጠ ይሄዳል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚጨምርብህ፣ እዚ አገር ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውም ለዛ ነው። ያንኑ ኮድ ዲሲ ላሉ ሀበሻ ሬስቶራንቶች ብታስኬደው ግን ከ28 ፐርሰንት በላይ ይስታል፣ ስቶክሆልም ላይ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ የምትሰራው 32637 በጣም አሪፍ ነው፣ ይሄ መሬትን በዞን ከፋፍሎ በሜትር የሚለካው የዩቲኤም ፕሮጀክሽን ዞን 37 ነው። የዞን 37 መሀል መስመር 39 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ 38.75 አካባቢ ስለሆነች ኪሎ ሜትር ላይ የሚጎድልህ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ለሞተር ዴሊቨሪ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ግን ወደፊት ድሬዳዋና ሐረር እንገባለን ብለሃል፣ የዞን 37 እና 38 ድንበር (42 ዲግሪ) የሚያልፈው በሁለቱ ከተሞች መሀል ነው፣ ጋምቤላ ብትሄድ ደግሞ 36 ውስጥ ነህ። የዞን 38 ፋይል መጥቶልህ 37 ነው ብለህ ከጫንከው የሐረር ሱቅ ነቀምት አካባቢ ሄዶ ይቀመጣል፣ ዳታቤዙም ኤረር አይሰጥህም።

ስለዚ እኔ የምመክርህ ኮለሙን ራሱን ጂኦግራፊ ታይፕ አድርገው። 4326 እንደሆነ ይቆያል፣ ርቀቱ በሜትር ይመጣል፣ የሚሰላውም በምድር ቅርጽ ላይ ስለሆነ ዞን ምናምን አያሳስብህም። ከጂኦሜትሪ ትንሽ ይዘገያል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ ኤስቲ ዲ ዊዝኢን በሚባለው ፈንክሽን ቅርብ ቅርቡን ካጣራህ ኢንዴክሱን (ፍለጋ የሚያፋጥነውን ማውጫ) ስለሚጠቀም አይታወቅህም። ኮለሙን ጂኦሜትሪ ትተህ በየኩዌሪው ወደ ጂኦግራፊ ካስት የምታደርግ (ታይፑን የምትቀይር) ከሆነ ግን ያ ኢንዴክስ አይሰራልህም፣ ካስቱ ላይ ለብቻው ኢንዴክስ መስራት አለብህ።

ከፕሮጀክሽን ምርጫ በላይ እኔን ያስከፈለኝ ግን ዳተም ነው፣ ማለትም ኮኦርዲኔቶቹ የተለኩበት የመሬት ቅርጽና መነሻ። የሆነ የውሃ ፕሮጀክት ላይ ለየትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነውን ጉድጓድ እያወጣሁ ትምህርት ቤቶቹ በጂፒኤስ የተለቀሙ ናቸው፣ ጉድጓዶቹ ከድሮው 1:50,000 ካርታ የተነበቡ። ግቢ ውስጥ እንዳለ በአይኔ ያየሁት ጉድጓድ ስክሪኑ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ማሳ መሀል ቆሟል። ሁለት ቀን ሙሉ ኩዌሪዬን ስፈትሽ ከረምኩ፣ በኋላ ነው ሁሉም ጉድጓዶች ወደ ደቡብ ምዕራብ እኩል እንደተገፉ ያየሁት። ካርታው አዲንዳን በሚባለው የድሮ ዳተም የተሰራ ነበር፣ እኔ ደግሞ 32637 ብዬ ለጥፌበታለሁ። መጀመሪያ 20137 (የአዲንዳን ዞን 37 ቁጥር) ብዬ መሰየም፣ ከዛ በኤስቲ ትራንስፎርም ወደ 4326 መቀየር ነበረብኝ፣ ሴት ኤስአርአይዲ የሚባለው ፈንክሽን የተለጠፈውን ስም ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ኮኦርዲኔቶቹን አይነካቸውም።

አንተም የሱቆቹን ሎኬሽን ከሌላ ሰው ኤክሴል ላይ ነው የምቀበለው ስላልክ ከመጫንህ በፊት አምስት ስድስቱን ሳተላይት ምስል ላይ አውጥተህ እያቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን እኩል ከተገፉ አዲንዳን ነው ብለህ ጠርጥር።