ቆረጥኳት፣ ሁለት ሆነች!

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎ ከባህር ዳር ነው። ሳሎን ውስጥ አኳሪየም አለችኝ፣ ክረምት ላይ ለማሳመር ብዬ ከጣና ዳር ድንጋይና ቅጠል አምጥቼ ከተትኩባት፣ ቀንድ አውጣም አብሮ ገብቷል። አሁን ማታ መብራት ሳበራ መስታወቱ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቡኒ ነገር ስትንሸራተት አያለሁ፣ እግር የላት ክንፍ የላት። እናቴ አልቅት ነው ውሃው ይደፋ ትላለች፣ እኔ ደሞ በምላጭ ለሁለት ከፈልኳት፣ በቃ ሞተች ብዬ ብተዋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሆነው ይዞራሉ! ጓደኛዬ ጭራሽ ቢልሃርዚያ ነው ብሎ አስፈራራኝ። ፎቶዋን ልኬያለሁ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኧረ ምላጩን አስቀምጥ ወንድሜ፣ እያራባሃት እኮ ነው! ፎቶው ላይ ጭንቅላቷ እንደ ጦር ጫፍ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሁለት ነጥብ ዓይኖቿም ሸውራራ ይመስላሉ። ፕላናሪያ ናት፣ ጠፍጣፋ ትል። እናትህ አይፈረድባቸውም፣ ጎጃም ከብት ያጠጣ ሰው ሁሉ አልቅት ያውቃል፣ ግን አልቅት ፊትና ኋላዋ መምጠጫ አላት፣ ወገቧን እያጠፈች እየዘረጋች ነው የምትሄድ፣ ያንተዋ እንደ ዘይት ጠብታ ነው የምትንሸራተት። አፏ ደሞ ሆዷ መሀል ነው ብልህ ታምናለህ? ምግብ ስታገኝ ከሆዷ ቱቦ አውጥታ ነው የምትመጥ።

መቆረጡን በተመለከተ ብቻህን አይደለህም፣ ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት በፈረንጆቹ 1898 ስትቆራረጥ የሚሆነውን ጽፏል፣ ከገላዋ 1/279ኛ የምታህል ቁራጭ ሙሉ ትል ሆናለች ይባላል።

ቢልሃርዚያ አይደለችም፣ ዘመዷ ናት እንጂ፣ ፕላናሪያ ሰው አትነካም። የቢልሃርዚያ እጭ ግን በዓይን አትለይም፣ የምትወጣው ከቀንድ አውጣ ነው፣ ቆዳ በስታ ትገባለች፣ ጣና ዳር ደሞ በሽታው እንዳለ የታወቀ ነው። ስለዚህ እኔን ያሳሰበኝ ትሏ ሳትሆን ቀንድ አውጣው ነው። ጓንት አድርገህ በመቆንጠጫ አውጣቸው፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ እጅህን እንዳትነክር፣ እጯ ሰው ካላገኘች ከ48 ሰዓት ብዙም አታልፍም። እስካሁን ባዶ እጅህን ስትነክር ከከረምክ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሰገራ ተመርመር፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል አለ፣ አትፍራ።

ትሎቹን ያበዛቸው የተረፈ ምግብ ነው፣ ዓሳዎቹ የማይጨርሱትን አትጣል። ሁለት ቀኑ ካለፈ በኋላ ትንሽ ጠርሙስ ክዳኗን ብሳና ቁራጭ ጥሬ ሥጋ ከተህ ማታ አስተኛት፣ ጠዋት ቀዳዳውን በጣትህ ይዘህ አውጣና የፈላ ውሃ ጨምርባት፣ ጥቂት ሌሊት ደጋግመው። ውሃውን ደሞ ሁለት ቀኑ ሳይሞላ እናትህ እንዳይደፉት፣ እጃቸውን ይነካቸዋል።